ቀጠሮው ሲራዘም፦ በወረርሽኝ ወቅት ለሳንባ ካንሰር ሕመምተኛና ለአስታማሚው የሚሆን መመሪያ

አክስቴ ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ግን በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ ጋግራለች። ሳል ሲጀምራት መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለች፤ ቀጥሎ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረላት፤ አልሻል ሲላት ሲቲ ስካን ተነሥታ በቀኝ ሳንባዋ ላይ ዕጢ ተገኘ። ናሙናው ካንሰር መሆኑ ተረጋግጦ የቀዶ ሕክምና ቀን ሲቆረጥላት የካቲት 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 2 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ፤ መጋቢት 4 ቀን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለልን። «ቀጠሮው ተራዝሟል» አሉን። እስከ መቼ? «እኛ እንደውላለን።»

ስልኩ ሳይደወል ወራት አለፉ። እኛም ሐኪሞቹን ላለማስቸገር ብለን፣ ጨዋነት መስሎን፣ አፋችንን ይዘን ተቀመጥን። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያን ዝምታ ሌላ ቤተሰብ እንዳይደግመው ነው። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ስሙም ጠባዩም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሆስፒታሎች ሲጨናነቁ ቀጠሮ መራዘሙ ግን አይቀርም። የተራዘመ ቀጠሮና የጠፋ ቀጠሮ ደግሞ ለየቅል ናቸው። የተራዘመ ቀጠሮ ምክንያት አለው፣ አዲስ ቀን አለው፣ የሚጠየቅ ሰው አለው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ቀጠሮው መጥፋት ጀምሯል።

በቅድሚያ፦ ለምን እንደሚራዘም ይረዱ

ከሳንባ አንዱን ክፍል ቆርጦ ለማውጣት ሰመመን ሰጪ ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ፣ ሲከፋም የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቫይረሱ የጣለው ሰውም የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። በዚያ ላይ ቫይረሱ የሚያጠቃው ሐኪሙ ሊቀድደው ያሰበውን ያንኑ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ24 አገሮች በቀዶ ሕክምና ሰሞን በኮቪድ የተያዙ 1,128 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናቸው ከሳንባ እስከ አጥንት የተለያየ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሳንባ ጋር የተያያዘ ችግር ገጠማቸው፤ 23.8 በመቶዎቹ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱ። ስለዚህ «ትንሽ እንጠብቅ» ያለዎት ሐኪም ችላ ብሎዎት ላይሆን ይችላል። ሊጠብቅዎት ይሆናል።

በሌላ በኩል ዕጢው ወረርሽኝ መግባቱን አያውቅም። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የታከሙ 9,904 የመጀመሪያ ደረጃ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን መዝገብ ሲመረመር፣ ዕጢው በምስል ከታየ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ከ12 ሳምንት በላይ የዘገየባቸው ሰዎች ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። 12 ሳምንት የሚለውን ቁጥር ይያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። መዘግየቱ ያስከተለው ጉዳት ደግሞ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የነካ አልነበረም። በ61 አገሮች 20,006 የካንሰር ሕሙማንን ያካተተ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ እንቅስቃሴ ሙሉ በሙሉ በተዘጋባቸው አካባቢዎች ቀዶ ሕክምና ከታቀደላቸው 7 ሰዎች አንዱ በክትትሉ ጊዜ ሳይታከም ቀርቷል።

ሳልዎን ለአንድ በሽታ ብቻ አያስረክቡ

ወረርሽኝ ሲገባ ሳል ሁሉ የወረርሽኙ ሳል ይሆናል። ምርመራው ነፃ መሆንዎን ሲያሳይ «ተመስገን» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል፤ ሳሉ ግን እዚያው ነው። እኛ አገር ደግሞ ከኮቪድም በፊት ሳልን ጠቅልሎ የሚወስድ ቲቢ አለ። የሳንባ ካንሰር በሁለቱ መካከል ተደብቆ ወራት ይቆያል።

ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሳይታሰብ የሚወርድ ክብደት፣ ድንገት የጎረነነና የማይመለስ ድምፅ፣ ትከሻ ወይም ደረት ላይ የሚሰረስር ሕመም፣ በአንድ በኩል ብቻ ተመላልሶ የሚመጣ የሳንባ ምች፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ የወረርሽኙ ምርመራ ውጤት ምንም ይሁን ምን የደረት ራጅ ይጠይቁ። ራጁ ጥላ ካሳየ ሲቲ ስካን ይከተላል። የቲቢ መድኃኒት የጀመሩ ከሆነ አክታዎ ጂን ኤክስፐርት በተባለው የቲቢ መመርመሪያ ተመርምሮ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ባክቴሪያው ሳይገኝ በግምት የተጀመረ መድኃኒት ሁለት ወር ተወስዶ ለውጥ ካላመጣ «ሌላ ነገር እንዳይሆን ይታይልኝ» ማለት መብትዎ ነው። አክስቴ ያጣችው የመጀመሪያው ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ገና ኮቪድ የሚባል ነገር አልተሰማም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በኮቪድ ምክንያት ሲቲ ስካን ከተነሡ ሰዎች መካከል ያልጠበቁት ዕጢ የተገኘባቸው አሉ። የሪፖርት ወረቀቱ ላይ ስለ ቫይረሱ ብቻ አይደለም የተጻፈው፤ እስከ መጨረሻው መስመር እንዲነበብልዎ ያድርጉ።

መዝገብዎ በእጅዎ ይሁን

በ2012 ዓ.ም. ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕሙማን ብቻ ተለየ፤ ሚሊኒየም አዳራሽ ሳይቀር ወደ ሕክምና ማዕከልነት ተቀየረ። ሆስፒታል በአንድ ሌሊት ሥራውን ሲቀይር ካርድ ክፍል ያለው ፋይልዎ አብሮ ይቆለፋል። የተመደበልዎ ሐኪምም ወደ ሌላ ክፍል ሊዛወር ይችላል።

ስለዚህ የናሙና (ባዮፕሲ) ውጤትዎን፣ የሲቲ ስካኑን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ፣ የሳንባ አቅም ምርመራውን፣ የልብ አልትራሳውንዱን፣ የደም ዓይነትዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የሪፈር ወረቀቱን በአንድ ፋይል ያድርጉ። እያንዳንዱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥተው ለልጅዎ ወይም ለወንድምዎ በቴሌግራም ይላኩ። የናሙናው ቁራጭ በየትኛው ላቦራቶሪ እንደተቀመጠና የላቦራቶሪ ቁጥሩንም ይመዝግቡ፤ ሌላ ሆስፒታል እንደገና ላየው ቢል ዳግመኛ መርፌ ከመወጋት ያድንዎታል።

በወረፋው ላይ የት እንዳሉ ይወቁ

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ረጋ ብለው ያንብቡት።

የሳንባ ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም። ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሚባለው ዓይነት በፍጥነት የሚሠራጭ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው በኬሞና በጨረር ነው፤ ቢላዋ የሚነካው ጥቂቱን ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ያለባቸው ሌላው ዓይነት ግን ገና ሳይሠራጭ ከተገኘ ዋነኛው መዳኛው ቀዶ ሕክምና ነው። እርስዎ የትኛው እንዳለብዎ፣ ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ በደረት ውስጥ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች መድረስ አለመድረሱንና ደረጃው ስንተኛ እንደሆነ በቃልዎ ይያዙ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የአሜሪካ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ማንን ማስቀደም፣ ማንን ማቆየት እንደሚገባ መመሪያ አውጥተው ነበር። ሆስፒታሉ ገና አልጋ ባለበት ጊዜ መቅደም ያለባቸው ብለው ያስቀመጧቸው ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥና አብዛኛው ክፍሉ ጠጣር የሆነ፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የደረሰ፣ ወይም ኬሞ ጨርሰው ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ ሕሙማንን ነው። ለጥቂት ወራት መቆየት ይችላሉ የተባሉት ደግሞ በሲቲ ስካን ላይ እንደ ጉም ደብዝዞ የሚታይ፣ ጠጣር ክፍሉ ትንሽ የሆነ ዕጢ ያለባቸው፣ ጠጣር ሆኖ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዕጢ ያለባቸውና ካርሲኖይድን የመሰለ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት የተገኘባቸው ናቸው። ሆስፒታሉ በቫይረሱ ሕሙማን ሲሞላ መመዘኛው ይጠብቃል፤ አልጋው ሁሉ ሲያልቅ የሚገባው ያለ ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ውስጥ የሚሞት ሰው ብቻ ነው።

ይህን የምነግርዎ ከሐኪምዎ ጋር እንዲከራከሩበት አይደለም። ውሳኔው የእሱና የባልደረቦቹ ነው። ነገር ግን «ዕጢዬ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠጣር ነው ተብያለሁ፤ መቆየት ከሚችሉት ነኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰውና «ምን አሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም።

የመራዘሙ ስልክ ሲደወል

ወረቀትና እስክርቢቶ ይያዙ። የደወለው ሰው ብዙ ጊዜ ነርስ ወይም ጸሐፊ ነው፤ ውሳኔውን ያልወሰነ፣ እሱም የተጨነቀ ሰው ነው። በትሕትና ግን ሳይቸኩሉ እንዲህ ይበሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር፤ ስለደወሉልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካርድ ቁጥራችን ይኸው ነው። የተራዘመው በአልጋ እጥረት ነው ወይስ ሐኪሙ መቆየት ይችላል ብሎ ነው? ዶክተሩ እስከ መቼ ድረስ ቢቆይ ችግር የለውም ብለዋል? እናንተ ካልደወላችሁ እኛ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቁጥር እንደውል? ማንን እንጠይቅ?»

መልሱን፣ የሰውየውን ስምና ቀኑን ይጻፉ። «አላውቅም» ከተባሉ «ማን ያውቃል?» ብለው ይጨምሩ። በሁለተኛ ሳምንቱ መልሰው ይደውሉ። ይህ ማስቸገር አይደለም፤ ዝርዝር ውስጥ ስምዎ እንዳለ ማረጋገጥ ነው።

አሁን ወደ 12 ሳምንት እንመለስ። ዕጢው የታየበት ሲቲ ስካን የተነሣበትን ቀን ካላንደር ላይ ያክብቡ፤ ከዚያ 12 ሳምንት ቆጥረው ሌላ ክብ ያድርጉ። ሁለተኛው ክብ እየቀረበ አዲስ ቀን ካልተሰጠዎት ስልክ ትተው በአካል ይሂዱና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሲቲ ስካኑ እንዲደገምልዎና ጉዳይዎ በሐኪሞች ቦርድ እንደገና እንዲታይ። በመሀል ደም ማሳል ከጀመሩ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ፊትዎና አንገትዎ ካበጠ ግን ቀን መቁጠር የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ቢላዋ ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ ወይ?

አለ፤ ለሁሉም ባይሆንም። ዕጢው ትንሽና ያልተሠራጨ ከሆነ፣ ዕጢው ላይ ብቻ ያነጣጠረ ከፍተኛ ጨረር በጥቂት ዙር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በሚሆን፣ ይሰጣል። ሰመመንም የጽኑ ሕሙማን አልጋም አይፈልግም። በወረርሽኙ ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ ተሻግረዋል። ይህ ዓይነቱ ጨረር ግን ልዩ መሣሪያና ልምድ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፣ ቆይቶም ጅማን የመሳሰሉ ከተሞች ተጨምረዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ጨረር አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ለእኔ ዕጢ የሚሆነው ዓይነት ጨረር የት አለ?» ይሁን።

ሁለተኛው መንገድ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይሰጥ የነበረውን ኬሞ አስቀድሞ መስጠት። ጊዜ ይገዛል፤ ነገር ግን የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ ወረርሽኝ ባለበት ሰዓት ደግሞ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ሦስተኛው ንጹሕ ሆስፒታል መፈለግ ነው። ጣሊያን ውስጥ ሎምባርዲያ በቫይረሱ ስትታመስ፣ የሚላኖ ሁለት የካንሰር ተቋማት ለካንሰር ሕክምና ብቻ ተለይተው ከሌሎች ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉትን ሰዎች ተቀበሉ። ለንደንም ሮያል ማርስደንን የመሳሰሉ ሆስፒታሎችን አስተባብራ ተመሳሳይ ነገር አደረገች። እርስዎም «ኮቪድ የማይታከምበት፣ የደረት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ካለም ሪፈር ያጽፉ።

የመጠበቂያው ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው

ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ጫት ላይ «አንድ ብቻ» ተብሎ የሚለኮሰው ጭምር ዛሬ ይቁም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ያላጨሰ ሳንባ ከሰመመን በኋላ በተሻለ ይነቃል። ከተቻለ ማገዶውን ከቤት ያውጡ። የቡናው ከሰልና ዕጣንም ቢሆን በር ተዘግቶ አይጪስ፤ ቡናው ይቀራል አላልኩም፣ በረንዳ ላይ ይፈላ።

በየቀኑ ይራመዱ፤ ትንሽ ዳገት ካለ የተሻለ። በአፍንጫ በረጅሙ ስበው፣ ጥቂት ይዘው፣ እንደሚያፏጩ ከንፈርዎን አጥበው ቀስ ብለው ያውጡ፤ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ። አሁን የለመዱት ትንፋሽ ኋላ ደረትዎ ተሰፍቶ ሲያምዎ ያለ አስተማሪ ይመጣልዎታል።

ስለ ምግብ፦ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ የገባው በዐቢይ ጾም ነበር፤ ረመዳንም በሚያዝያ ተከተለ። ክብደት እየቀነሰ ያለ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ያስፈልገዋል። የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኹን ያማክሩ፤ ሕመምተኛ ከጾም እንደሚፈታ ሁለቱም ይነግሩዎታል። ከጾሙ አልወጣም ካሉም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ኦቾሎኒው በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በመሀልም ይበላ።

በኮቪድ ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያልጠጣ ቤት አልነበረም። በወጥ ውስጥ ያለው ምንም አይልም፤ በብዛት እየተጨመቀ የሚጠጣው ግን ደም እንዳይረጋ ሊያደርግ ስለሚችል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ማንኛውም ሥራ ሥርና አስፕሪንም እንዲሁ።

ደምም አስቀድመው ያስቡ። ወረርሽኝ ሲገባ ደም የሚለግስ ሰው ይቀንሳል። ዘመድ ወዳጅ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ደም ባንክ ቢሄድ ኋላ ሩጫ አይኖርም።

ክትባት ሲገኝ ይከተቡ፤ አብረውዎት የሚኖሩትም ይከተቡ። ክትባት ሳይኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ የሳንባና የደረት ካንሰር እያለባቸው በኮቪድ የተያዙ 200 ሰዎች በ8 አገሮች ተመዝግበው ነበር፤ 66ቱ ሞተዋል። መርፌው ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀናት ቀደም ቢል ይመረጣል፤ በክትባቱ የመጣ ትኩሳት ከቀዶ ሕክምናው ትኩሳት ጋር አይምታታም።

ቫይረሱ ከቀደመዎት

ሳይደብቁ ይናገሩ። ቀጠሮዬን ይሰርዙብኛል ብሎ ትኩሳትን በፓራሲታሞል ሸፍኖ ሆስፒታል መግባት ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። በ116 አገሮች ከ140,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በኮቪድ ከተያዙ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው 4 በመቶ ገደማ እንደነበር፣ 7 ሳምንት ከቆዩ በኋላ ግን ጨርሶ ካልተያዘ ሰው ጋር እኩል ሆኖ ወደ 1.5 በመቶ እንደወረደ አሳየ። ከ7 ሳምንት በኋላም ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ያልለቀቃቸው ሰዎች ላይ ግን አደጋው ወደ 6 በመቶ ይጠጋ ነበር፤ ስለዚህ ቀን መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ምልክቱ መጥፋቱም ይታይ።

ክትባት ከተስፋፋና ቫይረሱ ከለዘበ ወዲህ የሙያ ማኅበራት ይህን ጊዜ አሳጥረውታል። በእርስዎ ላይ 7 ሳምንት መጠበቁ ከዕጢው ማደግ የሚከፋ ወይም የሚሻል መሆኑን ቀዶ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው አብረው ይመዝኑት።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትና ጠያቂ

እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ቤቱ ይሞላል፤ ዕድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ዘመድ ሁሉ «ይማርህ» ሳይል አይውልም። በዚህ ነገራችን እኮራለሁ። ግን ለቀዶ ሕክምና ሁለት ሳምንት የቀረው ሰው ላይ ወረርሽኙን ይዞ የሚገባው ይኸው በፍቅር የሚመጣ ሰው ነው። ከቤተሰቡ አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ይመረጥና ለሁሉም አስቀድሞ ይደውል፦ «ሐኪሙ ሰው እንዳያይ አዘዋል፤ ከዳነ በኋላ አብረን እንጠይቀዋለን።» ሐኪም አዘዘ ሲባል ማንም አይቀየምም። ምግብ ያመጣ በር ላይ ያስቀምጥ።

አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ቀን ቀን የሚቀያየሩ አምስት ልጆች አይሁኑ። እሱም ከሕመምተኛው ጋር እኩል ይጠንቀቅ፤ ምርመራው ለሁለቱም ይደረግ።

ሆስፒታል ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በዉሃን ከተማ ሁለት አዛውንት በሳንባ ካንሰር ምክንያት ከሳንባቸው አንዱ ክፍል ወጣላቸው። ሁለቱም በዚያን ጊዜ ኮቪድ እንደያዛቸው የታወቀው ኋላ ነው፤ ዓለም የቫይረሱን የመጀመሪያ ጉዳት በሳንባ ሥጋ ላይ በማይክሮስኮፕ ካየባቸው ቀዳሚ አጋጣሚዎች አንዱ ከእነሱ የተወሰደው ናሙና ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ትኩሳትና ሳል በወረርሽኝ ጊዜ እንደ ተራ ነገር የማይታለፈው ለዚህ ነው። ምርመራው እንዲደገም ይጠይቁ።

ሐኪሞቹ እንደ ጠፈርተኛ ተሸፍነው ቢመጡ አይደንግጡ። ሳንባ ሲቀደድ፣ ቱቦ በአየር ቧንቧ ሲገባ ጠብታ ይረጫል፤ ራሳቸውን ካልጠበቁ ነገ የሚያክም አይኖርም። ከደረትዎ ጎን የሚወጣው ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይገባል። ጠርሙሱ ምንጊዜም ከደረትዎ በታች ይሁን፣ አይጋደም፤ ቱቦውን ማንም ቤተሰብ ቆንጥጦ አይዝጋው። ትራስ ደረትዎ ላይ ጭነው ይሳሉ፤ ማሳል ያማል፣ ያልተሳለ አክታ ግን ሳንባ ምች ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ከአልጋ ተነሥተው ይቀመጡ፣ በማግስቱ ይራመዱ።

ቤት ከገቡ በኋላ

ቴርሞሜትርና በጣት የሚለካ የኦክስጅን መለኪያ ይግዙ። ከሆስፒታል ሲወጡ የእርስዎ መደበኛ ቁጥር ስንት እንደሆነና ስንት ሲደርስ መደወል እንዳለብዎ ይጠይቁ። ከመለካትዎ በፊት እንሶስላ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም የሌለበት ጣት ይምረጡ፤ ቀለሙ ቁጥሩን ያሳስታል። የቆዳ ቀለምም ለውጥ ያመጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የኦክስጅን መውረድን ሳያሳይ የሚያልፍበት አጋጣሚ ከነጮች ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አረጋግጧል። ስለዚህ መሣሪያው «ደህና ነህ» እያለ ትንፋሽዎ ካጠረ፣ ትንፋሽዎን ይመኑ።

38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ መግል የያዘ ቁስል፣ በአንድ እግር ባት ላይ ብቻ የመጣ እብጠትና ሕመም፣ ድንገተኛ የደረት ውጋት፤ እነዚህ በስልክ ምክር የሚታለፉ አይደሉም። ሌላው ክትትል በስልክ ቢሆን ችግር የለውም፤ የቁስሉን ፎቶ በብርሃን አንሥተው ይላኩ። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ቁስሉ እስኪደርቅ ይታገሥ፤ መድኃኒቱንም ከጠበሉ ጋር አብሮ ይውሰድ፣ አያቋርጥ።

ከአገር ውጭ ላሉና ለሚሄዱ

ለሕክምና ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ለመሄድ ያሰቡ፣ ወረርሽኝ ሲገባ የመጀመሪያው የሚዘጋው ድንበር መሆኑን አይርሱ። ገንዘቡን ሁሉ ከመክፈልዎ በፊት ቀኑ ቢቀየር እንደሚመለስልዎ በጽሑፍ ይያዙ፤ ምስሎቹን አስቀድመው ልከው ሐኪሙ በሩቅ እንዲያያቸው ያድርጉ።

አሜሪካ ላሉ ወላጆቻችን ዋናው ችግር ሌላ ነበር፦ ጠያቂ ተከልክሎ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ብቻቸውን አልጋ ላይ ቀሩ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክም ሆነ በቪዲዮ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እናትዎ ከመግባታቸው በፊት ይህን በመዝገባቸው ላይ ያስጽፉ፤ «አማርኛ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈው በቦርሳቸው ያድርጉላቸው፤ ስልካቸውም ከነቻርጀሩ አይለያቸው።

አክስቴ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናዋን ያገኘችው የወንድሜ ሚስት ፋይሏን ይዛ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በሩን ካንኳኳች በኋላ ነው። ዕጢው አድጎ ነበር፤ ኬሞ ተጨመረባት። ከዚያ በኋላ ሲቲ ስካን በየስድስት ወሩ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት፣ ቀጥሎም በየዓመቱ እንድትነሣ ታዘዘ። አሁን ቀኖቹ በሙሉ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር በቀይ ተከበዋል፤ ከእያንዳንዱ ክብ ሥር የሚደወልበት ቁጥርና የሚጠየቀው ሰው ስም ተጽፏል።